የሳምንት እናቶቼ

በልጅነቴ እናቶቼ ስድስት ነበሩ። ቆጥሬ ነው የምነግራችሁ። ከስድስቱ አንዷ የወለደችኝ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ያኔ አላውቅም፣ ማወቅም ክልክል ነበር። የዕድሜ እኩዮቼ ስለ ልጅነታችሁ ስታወሩ፣ ብይና ሱዚ፣ የጠዋት ሰልፍ፣ የጎረቤት ዘይቱን ስርቆት ስትሉ እኔ ዝም የምለው ትዝታ አጥቼ አይደለም። ትዝታማ ሞልቶኛል። በየት በኩል እንደምጀምረው እየቸገረኝ ነው እንጂ። ዛሬ ግን ልጀምረው። ከስድስቱ አንዷ እኔን የራሷ ለማድረግ የሞከረችበትን የማንጎ ወቅት ልንገራችሁ።

ግቢያችን ከባምባሲ ወጣ ብሎ፣ ከመኪናው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። ዙሪያው የቀርከሃ አጥር፣ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ዛፉን ከበው የተሠሩ ስድስት የሴቶች ጎጆዎች፣ ከበስተኋላ የወንዶቹ ረጅም ቤት። ስሙን «ማረፊያ» ይሉታል። የመሠረተው ሰውዬ ኦርቶዶክሱንም ጴንጤውንም «ሁላችሁም ተሳስታችኋል» ብሎ የወጣ ነበር፤ ከወለጋም ከወሎ ሰፋሪም ጥቂት ሰው ተከተለው። እኛ «አባታችን» ነበር የምንለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው። አንድ ቀን ልጅ ሲመታ አላየሁም። ይህን የምለው ላመሰግነው እንዳይመስላችሁ። ቢመታን ኖሮ ቶሎ እንጠላው ነበር፤ አይመታም፣ ስለዚህ ወደድነው።

የግቢው ትልቁ ሕግ ስለ እናቶች ነበር። አባታችን እንደሚለው አንዲት ሴት «ልጄ» ካለች ፍቅሩን ከፈጣሪ ሰርቃለች። ስለዚህ ልጅ ጡት ከጣለበት ቀን ጀምሮ የሁሉም ይሆናል። አሥራ ሦስት ልጆች ነበርን። ቅዳሜ ጠዋት ልብሳችንን ቋጥረን የጎጆው በር ላይ እንቆማለን፤ ደወሉ ሲደወል ወደ ቀጣዩ ጎጆ እንሄዳለን፤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እናታችን የዚያ ጎጆ ሴት ናት። ትልልቆቹ ማን ማንን እንደወለደ ያውቃሉ፣ ግን ትንፍሽ አይሉም። «የኔ» የሚባል ቃል በአፋችን አይዞርም። የእኛ ማንኪያ፣ የእኛ ሰሌን፣ የእኛ እናት። «የኔ» ያለ ሰው መብረቅ ይወርድበታል ተብለናል። የባምባሲን የክረምት መብረቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ማመን ለምን እንዳልከበደን ይገባዋል።

እያዘናችሁልኝ ከሆነ ትንሽ ቆዩ። ደስተኛ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም ይሄው ነው። ማንጎው ሲያብብ ግቢው በሙሉ የሚያሰክር ጣፋጭ ጠረን ይሸት ነበር። በበጋ ከሩቅ የሚቃጠለው የሣር ጭስ ከዚያ ጋር ይቀላቀላል፤ ያ ሽታ ዛሬም አሶሳ ውስጥ በመስኮት ሲገባ እጄን ያስቆመኛል። አሥራ ሦስታችን በአንድ ሰሌን ላይ ተደርድረን ለውዝ እንፈለፍላለን፣ አሥራ ሦስታችንም እየተደባበቅን እንበላለን። ከቀርከሃ ጠመንጃ እየሠራን፣ በጫካ ፍሬ እየተኳኮስን፣ የእናት ዙፋንን ዶሮ ዓይን ልናጠፋ ጥቂት ነበር የቀረን። መኮረፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ካንዷ እናት ጋር ብትጣላ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።

እናቶቹ ደግሞ የተለያዩ ነበሩ። እናት ጫልቱ በኦሮምኛ ተረት እየነገረች ቅቤ የሚንሳፈፍበት ገንፎ የምታበላን ነበረች፤ የሷ ሳምንት ሲደርስ ሆዳችን ቀድሞ ያውቃል። እናት ዙፋን የግቢው አለቃ ነበረች። ተረከዛችንን በድንጋይ ፈትጋ ፈትጋ ቆዳችንን የምትልጥ፣ ሳቅ የማታውቅ፣ አባታችን እንኳ ሲናገራት ቃላት የሚመርጥላት ሴት። እናት ጠጄ የወሎ ሰው ነች፤ አጭር፣ ጉልበተኛ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ቀርከሃ ብቻዋን የምትሸከም። ብዙ አታወራም። የሷ ሳምንት ለኔ የሚለየው በአንድ ነገር ነበር፦ ትለካኛለች።

ጎጆዋ ውስጥ፣ ከመደቡ ጀርባ፣ ጨለም ያለው ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ቋሚ እንጨት አለ። ገና እንደገባሁ «ነይ እስቲ አበባዬ፣ ተረከዝሽን አስጠጊ» ትለኛለች። ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ቢላዋ ታመጣና ከአናቴ ትክክል እንጨቱን ጫር ታደርገዋለች። ከዚያ መዳፏን አናቴ ላይ ታሳርፋለች፤ እጇ እዚያ ከሚያስፈልገው በላይ ይቆያል። «ለማንም አትንገሪ፣ እሺ?» ትለኛለች። እኔ ሁሉም ልጅ እሷ ጋ ሲገባ የሚለካ መስሎኝ ነበር። ጨዋታ ነበር ለኔ።

ቅዳሜ ደወሉ ከመደወሉ በፊት «ማራገፍ» የሚባል ነገር ነበረብን። ተራ በተራ ማንጎው ሥር ከአባታችን ፊት እንቀመጥና የሳምንቱ እናት ያደረገችውን እንነግረዋለን። ተቆጣች? አቀፈች? ለማን አብልጣ ሰጠች? የተናገረ ልጅ እፍኝ የተቆላ ለውዝ ይሰጠዋል፣ ራሱንም ይዳበሳል። እኔ በዚህ ጎበዝ ነበርኩ፤ ምን ላድርግ፣ ለውዝ እወዳለሁ። እናት ጫልቱ በፀሎት ሰዓት እንዳንቀላፋች የተናገርኩት እኔ ነኝ። የእናት ዙፋንን እንኳ ተናግሬያለሁ፤ «ለዶሮዋ ታወራለች» ብዬ።

አንድ ቅዳሜ ግን የምናገረው አጣሁ። ሳምንቱ የእናት ጠጄ ነበር፤ ሴትዮዋ እንደሁ ምንም አትል። ባዶ እጄን እንዳልነሳ ብዬ «አድጌያለሁ፣ ሁለት ጣት» አልኩት። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። አባታችን ፈገግ አለ። «ማን ለካሽ?» አለኝ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ነገርኩት። እንዲያውም እጁን ይዤ ወስጄ አሳየሁት።

ጭረቶቹ ከወገቤ አካባቢ ይጀምራሉ። ልጅ ቆሞ ሊሄድ ሲፍገመገም ከሚደርስበት ቁመት። ከዚያ ጠጋ ጠጋ እያሉ እስከ አናቴ ድረስ ይወጣሉ፤ ተራዬ የደረሰበት ሳምንት አንዱም አልተዘለለም። አባታችን ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን በጣቱ ነካ። ከዚያ ሌሎቹን ልጆች ጠርቶ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። የተለካ የለም። እናት ጠጄ በሩ ላይ ውሃ የሞላ ጄሪካን በእጇ እንደያዘች ቆማለች፣ ማስቀመጡን ረስታዋለች። ከበሩ ውጭ የተሰበሰቡትን ሴቶች ፊት አየሁና ገባኝ፤ የወለደችኝ እሷ ነች። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ሰርቃኛለች ብዬ ነው የተናደድኩት።

ያን እንጨት ነቅለው አቃጠሉት። ጎጆው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ እንደዘመመም ቀረ። እናት ጠጄ ላይ «ዝምታ» ተጣለባት፤ ማንም አያናግራትም፣ እሷም ማንንም አታናግርም፣ ልጅም ወደ ጎጆዋ አይገባም። የኔ ጉዳይ ለብቻው ተወሰነ። ማንጎው ሳያልቅ ከዳቡስ ወንዝ ማዶ ወዳለው ሁለተኛው ማረፊያ እንድሄድ። ከዚያ በፊት የተሻገረች ልጅ ነበረች፣ ሊያ የምትባል፣ ከኔ ትንሽ ከፍ የምትል። ዳግመኛ አላየናትም፤ ስሟንም ማንሳት ተከለከለ። እናት ጠጄ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ማንጎው ካለቀ በኋላ በሕይወቷ እኔን እንደማታየኝ ታውቃለች።

በነዚያ ሳምንታት ያደረግኩትን ብደብቀው ደስ ባለኝ። የጎጆዋን በር ሳልፍ አፍንጫዬን እይዝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ስለያዙ። በሩ ላይ ቀርከሃ እየሰነጠቀች ቁጭ ብላ ታየኛለች። አታለቅስም፣ ፊቷንም አታዞርም፤ ዝም ብላ ታየኛለች። አንድ ቀን ሌሎቹ ሳይኖሩ ብቻዬን አለፍኩ፤ ያኔም ያዝኩ። ስንት ዓመት ሆነው፤ እሷ ረስቼዋለሁ ትላለች፣ እኔ ግን አልረሳሁትም።

የምሰጥበት ቀን የባምባሲ የገበያ ቀን ነበር። ከማዶ የሚመጣው ሰውዬ ከቀትር በኋላ መናኸሪያው ላይ ይረከበኛል፤ ሴቶቹም በዚያው ማንጎና የቀርከሃ ቅርጫት ይሸጣሉ። አባታችን ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሸኘን። እናት ዙፋን ልትሸጥም ልታስረክበኝም ተመደበች። ከዚያ አባታችን እናት ጠጄን በእጁ ጠራትና የኔን ቋጠሮ አስታቀፋት። «አንቺው ተሸክመሽ አድርሺላት፤ በራስሽ እጅ ብታወርጂው ይቀልልሻል» አላት። ይሄን ሲላት ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ከልቡ የሚያዝንላት ነበር የሚመስለው። ሰውዬውን ሳስታውስ ዛሬም ሰውነቴን የሚወረኝ ለዚህ ነው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄድን። እናት ዙፋን ከፊት፣ እኔ ከመሀል፣ እናት ጠጄ ማንጎውን በጀርባዋ፣ ቋጠሮዬን በብብቷ ይዛ ከኋላ። አንዴ ድንጋይ አደናቀፈኝና ልወድቅ ስል ከኋላዬ ትንፋሿ ሲቆረጥ ሰማሁ።

ገበያው ውስጥ ሁልጊዜ የምንቀመጠው ከሐዋ አጠገብ ነበር። ሐዋ ከአሶሳ የምትመጣ የበርታ ሴት ናት፤ ደረቅ ባሚያና ከርከዴ በማዳበሪያ እያመጣች የምትሸጥ፣ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ጆሮዋ ላይ ትልልቅ ጉትቻ ያላት። አማርኛዋ ሴትንም ወንድንም «አንተ» ነው የሚለው። የኛ ሴቶች ከዋጋ በቀር አያናግሯትም፤ እሷ ግን ለዓመታት ከጎናቸው ተቀምጣ ሁሉን ታይ ነበር። ከርከዴዋ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ነበረው፤ ሳይታይ ጥቂት አበባ እጄ ላይ ጣል ታደርግልኛለች፣ እኔም አፌ እስኪቀላ አላምጠዋለሁ። ይሄንንም ለአባታችን ተናግሬያለሁ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ እናት ዙፋን ሰውዬው መጥቶ እንደሆነ ልታይ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ጥላን የሄደችው እናት ጠጄን አምና ነው፤ ስንት ዓመት የታዘዘች ሴት ዛሬ ምን ታደርጋለች ብላ። ገና ከዓይናችን እንደራቀች እናት ጠጄ አጠገቤ ተንበረከከች። ለሳምንታት ያልተናገረ ድምፅ ስለነበር ሻክሮ ነው የወጣው።

«ጽጌ፣ ስሚኝ። ሰውዬው ሳይመጣ እንሂድ።»

መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። «አልሄድም፤ ሌባ ነሽ» አልኳት። እጄን አልያዘችም። ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ግን ይገባኛል። ብትጎትተኝ እጮሃለሁ፤ ብጮህ ሰው ይሰበሰባል። ወረቀት የላትም፣ ምስክር የላትም፣ ልጅቷ ራሷ ሌባ እያለቻት ነው። በጉልበት ከሆነ ከማንጎው ማዳበሪያ አልከብዳትም ነበር። እሷ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተንበርክካ ቀረች። ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ አየች፣ እኔን አየች።

ሐዋ ባሚያዋን መስፈሯን ተወች። ሁለታችንን አየችና እናት ጠጄን «ልጅ ያንተ ነው?» አለቻት።

በሌላ ሰው ዘንድ ቀላል ጥያቄ ነው። እናት ጠጄ ግን «የ...» አለችና ቆመች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«የኔ ናት» አለች። «የኔ ናት። እኔ ነኝ የወለድኳት፣ በነሐሴ፣ ብቻዬን።»

ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ተኮማተርኩ። መብረቁን ጠበቅሁ። አልመጣም። በጣቶቼ መሀል ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከኛ ፈንጠር ብሎ አንድ ሰውዬ በፍየል ዋጋ ይከራከራል፤ አንድ አህያ የማንጎ ልጣጭ ያላምጣል። ማንም ምንም አልሆነም። ወደ እናት ጠጄ ዞር ስል እሷም አንገቷን ሰብራ ሰማይ ሰማይ እያየች ነው። ትልቅ ሴት፣ ልክ እንደኔ እየጠበቀች። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«አልወረደም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ድገሚው» አልኳት።

«የኔ ናት።»

ጠበቅን። አህያው ልጣጩን ጨረሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ድገሚው ስላት እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እኔ ሲነገር መስማቴ ነበር። ተነሳሁ። ቀሚሴን አራገፍኩ። ይሄው ነው። ጀግንነት አልነበረም፤ መብረቅ ስላልወረደ ነው የተነሳሁት።

ሐዋ የሚብራራላት ነገር አልፈለገችም። «ኸላስ፣ በቃ» አለች፣ «መኪና ይሄዳል፣ ያላ፣ አትፍራ።» ባለ አበባ መጎናጸፊያዋን ከራሷ ፈታ እናት ጠጄን እስከ ዓይኗ ሸፈነቻት፤ ያልተሸጠውን ባሚያዋን ሰብስባ በጆንያ ከተተችና ወደ አሶሳ የሚመለሰው አይሱዙ ላይ ከጆንያዎቹ ጋር አስወጣችን፤ እሷም ተከትላን ወጣች። የኛ ማንጎና ቅርጫት እዚያው መሬት ላይ ቀረ። እኔን በሁለት ከረጢት መሀል አስቀመጡኝ።

መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሳይንቀሳቀስ እናት ዙፋን ከመናኸሪያው ተመለሰች። አጠገቧ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ አለ። ባዶውን ቦታ አየች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ቀና አለችና መኪናው ላይ እኔን አየችኝ። ልሳሳት አልችልም፣ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። እንደ ልማዴ ልነግራት ምንም አልቀረኝም፤ አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ወደ ሰውዬው ዞረችና በእጇ ወደ እህል ተራው፣ ወደ ተቃራኒው ጠቆመችው። ተያይዘው ወደዚያ ሄዱ። ያቺ የተሻገረችው ሊያ የማን ልጅ እንደነበረች ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የማን እንደነበረች የማውቅ ይመስለኛል።

አሶሳ ስንደርስ ሐዋ ግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጠችን። የመጀመሪያው ሳምንት እንደማንኛውም የእናት ጠጄ ሳምንት አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ልብሴን ቋጠርኩና በሩ ላይ ቆምኩ። እናት ጠጄ ከውጭ ስትመጣ አየችኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «የዚህ ሳምንት ማን ጋ ነኝ?» ብዬ ጠየቅኳት። በሩ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ጋ» አለችኝ። «የሚቀጥለውስ?» «እሱንም እኔ ጋ።» ቋጠሮውን ከእጄ ወስዳ ፈታችው፤ አንዳንዱን ልብስ እያጠፈች ወደ ቦታው መለሰችው። በሚቀጥለው ቅዳሜም ቋጥሬ ቆምኩ፤ በሚቀጥለውም። አንድ ቀን አልተቆጣችኝም። ትፈታዋለች፣ ታጥፈዋለች።

ጡት ከጣልኩ ወዲህ ከአንድ ሳምንት በላይ አብረን ኖረን አናውቅም ነበርና ስምንተኛው ቀን ላይ ሁለታችንም ግራ ገባን። ስቆጣ ምን እንደሚያበርደኝ አታውቅም፤ ከዚያ በፊት ቁጣዬ ሳያልቅ ተራዬ ያልቅ ነበር። እኔም ሴትዮዋ ሲከፋት ምን እንደምትሆን አላውቅም። ጫማ ስለማድረግ አንድ ቀን ተጣላንና እስከ ማታ ተኮራረፍን፤ ቤት ውስጥ ሌላ የሚኬድበት ጎጆ የለም። እንዴት እንደሚታረቁ መማር ነበረብን። ለእናት ጫልቱ ገንፎ አለቀስኩ። ለአሥራ ሁለቱ ልጆች አለቀስኩ። ይቅር በሉኝና ለአባታችን ለውዝም አለቀስኩ። እሷ አብራኝ ትቀመጥና «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ትለኛለች፣ ያን ግቢ አንድ ቀን በፊቴ አልረገመችውም። «እማዬ» ለማለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የወጣልኝም ሳላስበው፣ ጊንጥ አይቼ ስሮጥ ነው። እሷ ጊንጡን ረስታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ የገደለችው ሐዋ ናት።

አሁን ያ ግቢ የለም። አባታችን ሞተ ይባላል፤ ሰዎቹ ተበታትነዋል፤ አጥሩን ሰው ለማገዶ ነቅሎታል። ማንጎው ግን አለ፣ ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ ሥሩ ላይ የማላውቃቸው ልጆች ይጫወታሉ። እኔ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሕፃናት አስተምራለሁ። እዚያ ከድንበር ማዶ የመጡ፣ እናታቸው የት እንዳለች የማያውቁ ልጆች አሉ፤ «ሳያስፈልግ ትንሽ አብዝተሽ ነው የምትወጃቸው» ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ። እማዬ ከኔ ጋር አሶሳ ትኖራለች። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅም አለችኝ። እሷ በቀን መቶ ጊዜ «እማዬ» ትለኛለች፤ «የኔ እርሳስ፣ የኔ ወንበር፣ የኔ እማዬ» እያለች ቤቱን ታናውጠዋለች፤ አንዳንዴ ጆሮዬ እስኪደክመው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉሯን ልሠራት ስል ተጣላን። ማበጠሪያውን ወረወረችና «አንቺን አልፈልግም፣ ከዛሬ ጀምሮ እናቴ እማማ ጠጄ ናት» ብላ ትራሷንና አሻንጉሊቷን አቅፋ ወደ አያቷ ክፍል ገባች። ሳቄን ይዤ ተውኳት። የልጅ ነገር ነው፣ አያቷም ደስ ይላታል ብዬ። ጥቂት ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። እማዬ ናት፤ በአንድ እጇ ትራሱን፣ በሌላው የልጄን እጅ ይዛለች።

«ልጅሽን ተቀበይኝ» አለች።

«ኧረ እማዬ፣ ተያት፣ ዛሬ አንቺ ጋ ትደር። አንድ ቀን ምን አላት» አልኳት።

«አንድም ቀን» አለችኝ። ቆጣ ብላ ነው። የልጄን እጅ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ እስክይዘው ድረስ መዳፏን ከላይ አድርጋ ጠበቀች።